ቃጫውን የሚነቅል እጅ የቦኖውን ውሃ የሚደፋ እጅ ነው



በመጪው እሁድ ከጧቱ በ2 ሰዓት በማኅበሩ ግቢ በሚደረገው ጠቅላላ ስብሰባ ለውሳኔ ከሚቀርቡት ጉዳዮች አንዱ የቃጫው ጉዳይ መሆኑን ሁላችሁም ሰምታችኋል። በግቢያችን በስተጀርባ፣ በቦረቦሩ አፋፍ ላይ ያለው ቃጫ ከነሥሩ ተነቅሎ በቦታው ሣርና ጽጌረዳ ይተከል፣ ለዚሁም የውሃ ጎማና በርሜል በማኅበሩ ገንዘብ ይገዛ የሚል ሐሳብ ከአንዳንድ አባሎች ቀርቧል። እኛ የማኅበሩ የሥራ አመራር አባላት ሐሳቡን መርምረን ተቃውመነዋል። ለምን እንደተቃወምነው ደግሞ በጓዳ ሹክ ከምንባባል ይልቅ በዚህ ሰሌዳ ላይ ለሰፊው ነዋሪ መግለጽ ግዴታችን ነው። ማንበብ የማይችል ካለ፣ ማንበብ የሚችል ልጅ ያንብብለት።

መጀመሪያ የት እንደምንኖር እንነጋገር። የምንኖረው ድሬዳዋ ነው። የሰማዩን ጠባይ የማያውቅ አባል በመካከላችን የለም። በዓመት የሚዘንብልን ዝናብ በአማካይ 600 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። እሱም ቢሆን በበልግና በክረምት ተከፋፍሎ፣ አንዴ ዱብ ብሎ ይሄዳል። የቀረው ወር ፀሐይ ነው። ከጧት እስከ ማታ፣ ድንጋይ የሚያግል ፀሐይ! አፈሩም ቢሆን አሸዋ ነው፤ ያፈሰስክበትን ውሃ ወዲያው ይውጠዋል። እንግዲህ በዚህ ሰማይ ሥር ሣር ለማብቀል መነሳት፣ ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደተባለው ነው። ሣሩ ጅቡ ነው፤ ቁርበት አንጣፊዎቹ ደግሞ እኛ ልንሆን ነው።

የወሬ ወሬ እንዳይሆን ሒሳብ እንሥራ። ይህ ሒሳብ አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ የሚሠራው ነው። የተጠየቀው ቦታ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው፤ ማለት 100 ካሬ ሜትር። እንደኛ ባለ ቆላ ሣር አረንጓዴ ሆኖ እንዲቆይ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይፈልጋል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውሃ ማለት አንድ ሊትር ነው። ስለዚህ 100 ካሬ ሜትሩ በቀን 500 ሊትር ይጠጣል። ይኸውም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 25 ጀሪካን ነው። በየቀኑ! በወር 750 ጀሪካን። በዓመት ሲደመር ደግሞ ሣሩ የሚፈልገው ከ1800 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። ሰማይ የሚሰጠን 600፤ ሣሩ የሚጠይቀን ሦስት እጥፍ። ጉድለቱን ማን ይሞላል? ቦኖው ነዋ! ከቦኖው ፊት ጀሪካን ደርድራ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምራ የምትቆመው እናት ናት የምትሞላው። በቀን 5 ጀሪካን የሚበቃው ቤት ብንወስድ፣ ይህ የሣር ምንጣፍ የአምስት ቤት ውሃ ብቻውን ይጠጣል ማለት ነው። እስቲ ይህን ለዚያች እናት ሄዳችሁ ንገሯት።

አንዳንዶች «ከዚራ አረንጓዴ ሆኖ የለም ወይ? እኛስ ምን አነሰን?» ይላሉ። አቦ ተዉ! የከዚራ ውበት የዛፍ ጥላ ነው እንጂ የሣር ምንጣፍ አይደለም። ዛፍ ሥሩን ወደ ታች ሰዶ ርጥበት ይፈልጋል፤ ሣር ግን እንደ ሕፃን አፉን ከፍቶ ከላይ የሚፈስለትን ይጠብቃል። ዛፍ እንትከል ያለ ቢኖር እኛ ቀድመን አካፋ እንይዝ ነበር። የቀረበው ግን ዛፍ አይደለም።

ደግሞስ ሣሩን አላየነውም እንዴ? ከእኛ ብዙም በማይርቅ አንድ ግቢ፣ ስሙን በማንጠራው አንድ ተቋራጭ ሣር ተነጥፎ ነበር። ሲመረቅ ሁላችንም አጨብጭበናል። የውሃው ሒሳብ ሲመጣ ማጠጣቱ ቀረ፤ ሣሩም ነደደ። ዛሬ ቦታው የገረባ መጣያና የፍየል መዋያ ነው። ከሌላው ጉዳት ያልተማረ በራሱ ጉዳት ይማራል። እኛ ግን የማኅበሩን ገንዘብ ከፍለን መማር አንፈልግም።

አሁን ወደ ቃጫው እንምጣ። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው ሆኖብን ነው እንጂ፣ ይህ ተክል ለእንዲህ ያለ ግቢ የተፈጠረ ነው። የተገኘው ከአሜሪካ አህጉር ነው፤ ዋናው አገሩ ሜክሲኮ ነው። ትግራይ ውስጥ ዒቃ ይሉታል። ደቡብ ውስጥ ከእንሰት የሚወጣውም ጭረት ቃጫ ስለሚባል ሁለቱ እንዳይምታቱባችሁ፤ እኛ የምንናገረው ስለዚህ ቅጠሉ ወፍራም፣ ጫፉ መርፌ ስለሆነው ነው። በመላ አገራችን አጥር ሆኖ፣ ገመድ ሆኖ፣ የገላ መፈተጊያ ሆኖ ሕዝባችንን ሲያገለግል የኖረ ነው።

ያለ ውሃ እንዴት ይኖራል? ብላችሁ ብትጠይቁ ምክንያት አለው። ማንኛውም ተክል በቅጠሉ ላይ ዓይን የማያያቸው ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉት፤ በእነሱ አየር ያስገባል። አብዛኛው ተክል እነዚህን ቀዳዳዎች የሚከፍተው ቀን ነው። ቀን ሲከፍት ፀሐይ ውሃውን ትመጥበታለች። ቃጫ ግን ብልህ ነው። ቀን በሩን ዘግቶ ይቀመጥና ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ ይከፍታል። ሌሊት ያስገባውን አየር አስቀምጦ በማግሥቱ በፀሐይ ይሠራበታል። በዚያ ላይ ቅጠሉ ወፍራም ነው፤ ክረምት የጠጣውን ለበጋ ያስቀምጣል። የሣር ምንጣፍ ፈላጊዎቹ የቁጠባን ነገር ከዚህ ተክል ቢማሩ ደስ ይለናል።

አሁን ደሞ በቃጫው ላይ የተሰነዘረውን ክስ በተራ እንመልስ። ከክሱ ውስጥ እውነት አለበት፤ አሉባልታም አለበት። እውነቱን እንቀበላለን፣ አሉባልታውን እናጋልጣለን።

1ኛ/ «እሾህ ነው፤ ልጅ ይወጋል» የተባለው እውነት ነው። የጫፉ መርፌ የልጅ ዓይን ቢያገኝ ቀልድ አይደለም። በዚህ ላይ ከማንም ጋር አንከራከርም። ነገር ግን መፍትሔው ምንድነው? ቢላ ይቆርጣል ተብሎ ከማድ ቤት ይጣላል? ቃጫ ከመተላለፊያ መንገድ ዳር አይተከልም፤ በር አጠገብ አይተከልም፤ ልጆች ኳስ ከሚጫወቱበት አጠገብ አይተከልም። ትልቁ ዓይነት ሲያድግ ከዳር እስከ ዳር ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ሜትር ይይዛል። ስለዚህ ከመንገድ ቢያንስ ሁለት ሜትር ተኩል ገባ ተደርጎ ይተከል። ለልጅ ቅርብ የሆነውን ደግሞ የጫፉን መርፌ ብቻ፣ የጥፍር ያህል፣ በአትክልት መቀስ ቆርጦ መጣል ነው። ቅጠሉ አይጎዳም። የእኛ ቃጫ ያለው በቦረቦሩ አፋፍ ነው። እዚያ ልጅ እንዳይደርስ ነው የምንፈልገው! ቃጫው ቢነቀል ልጆቹን ከቦረቦሩ የሚከለክል ሌላ ምን አጥር አለን? ሣር?

2ኛ/ «የገጠር አጥር ነው፣ ከተሜነት አይደለም» የሚል ወሬም ሰምተናል። ይህን እንደ ክስ አንቆጥረውም፤ እንደ በሽታ ነው የምንቆጥረው። ሊኒየስ የተባለው የስዊድን ሊቅ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1753 ለዚህ ተክል «አጋቬ» የሚለውን ስም በመጽሐፉ ሲመዘግብ፣ ቃሉን የወሰደው ከግሪክ ነው፤ ትርጉሙም ክቡር ማለት ነው። በስፔንና በኢጣሊያ የባሕር ዳርቻ በየአትክልት ቦታው ለጌጥ ተተክሎ ይታያል። ፈረንጅ ክቡር ብሎ የተከለውን እኛ የገጠር ነው ብለን ልንነቅል? ደሞስ የገጠር ቢሆንስ? የምንበላው ማሽላ ከየት መጣና ነው?

3ኛ/ «ሲያብብ የቤቱን አባወራ ይዞ ይሞታል» የሚለውን በሬ ወለደ ወሬ ማን እንደጀመረው አናውቅም፤ ግን ሰፈሩን አዳርሷል። እውነቱ እንዲህ ነው። ቃጫ በዕድሜው የሚያብበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መቶ ዓመት ይቆያል የሚሉም አሉ፤ ትክክል አይደለም። ትልቁ ዓይነት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ጊዜ ያብባል። ለዓመታት ያጠራቀመውን ጉልበት በሙሉ አውጥቶ እንደ ምሰሶ ያለ አገዳ ያቆማል፤ ቁመቱ እስከ 8 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ያን ጊዜ ጉልበቱ አልቆ እናቲቱ ትደርቃለች። ግን ዝም ብላ አትሞትም። በሥሯ ልጆቿን ትታ ነው የምትሄደው። ይህ ሟርት ሳይሆን የወላጅ ሥራ ነው። የማንም አባወራ በዚህ ምክንያት አልሞተም፤ አይሞትምም።

4ኛ/ «ትንኝ ያራባል» ላሉን መልሳችን ጠንከር ያለ ነው፤ ምክንያቱም ይህ ነገር በሰፈራችን የሰው ሕይወት የነካ ነው። በ2006 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የደንጊ ትኩሳት፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቺኩንጉንያ ከተማችንን እንዴት አድርጎ እንዳስተኛት የምታስታውሱት ነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የወባ ወረርሽኝ ሲነሳ፣ አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የተባለችው ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ እጇ እንዳለበት ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። እነዚህ ትንኞች የት ነው የሚራቡት? የደንጊና የቺኩንጉንያዋም፣ የእስያዋ የወባ ትንኝም፣ ክዳን በሌለው በርሜል፣ በገንዳ፣ በየቤቱ ባጠራቀምነው ውሃ ውስጥ ይፈለፈላሉ። የደንጊዋ እንዲያውም በተጣለ ጎማ ውስጥ ያደረ የዝናብ ውሃ ይበቃታል። በቃጫ ቅጠል ሥርም ከዝናብ በኋላ ውሃ ሊያቁር ይችላል፤ አንክድም። እሱን በእንጨት አንኳኩቶ ወይም አሸዋ ጨምሮበት ማስወገድ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ሣሩን ለማጠጣት ግን ምን ጠየቃችሁን? በርሜል! ቧንቧ በየቀኑ ስለማይመጣ፣ ለሣሩ የሚሆን ውሃ በርሜል ሙሉ ተጠራቅሞ ሊቀመጥ ነው። ትንኝን ፈርቶ ቃጫ የሚነቅል፣ መልሶ ለትንኝ በርሜል ሙሉ ውሃ የሚያዘጋጅ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እሱ ነው።

5ኛ/ «እባብና አይጥ ያስጠልላል» የተባለው ካልጸዳ እውነት ነው፤ ከጸዳ ውሸት ነው። ከታች የደረቀው ቅጠል በዓመት ሁለት ጊዜ ቢቆረጥ፣ ሥሩ ቢጠረግ፣ ገረባና ፌስታል ባይወረወርበት፣ እባብ ምን ሊሠራ ይመጣል? ቆሻሻውን የጣልነው እኛ፤ የተከሰሰው ቃጫው!

እስካሁን የተናገርነው ለነቃዮቹ ነው። ግን ከእኛ ጎን ቆመው ነገር የሚያበላሹም ስላሉ ለእነሱም አንድ ቃል አለን። አንዳንዶች ቃጫውን ስለወደዱ ብቻ «ጭረቱን እየሸጥን ማኅበሩን እናበለጽጋለን» እያሉ ነው። ወንድሞቻችን፣ ቀስ በሉ። የምሥራቅ አፍሪካን ታሪክ እንይ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1893 አንድ ሂንዶርፍ የሚባል ጀርመን ወደዛሬዋ ታንዛኒያ ከፍሎሪዳ 1000 የቃጫ ችግኝ አስመጣ። መንገድ ላይ አልቆ በሕይወት የደረሰው 62 ብቻ ነው። ከእነዚያ 62 ተነስቶ ታንዛኒያ በቃጫ ምርት በዓለም አንደኛ ለመሆን በቃች። በኋላስ? የፕላስቲክ ገመድ መጣና ዋጋውን ገደለው፤ እርሻውም ተዳከመ። ዛሬ ብዙ ምርት የሚወጣው ከብራዚል ነው። ደግሞ ከቅጠሉ ክብደት ውስጥ ጭረት ሆኖ የሚወጣው ከመቶ አራት እጅ ያህል ብቻ ነው። ማለት 100 ኪሎ ቅጠል ተሸክማችሁ፣ ቀጥቅጣችሁ፣ ፍቃችሁ የምታገኙት 4 ኪሎ ነው። ለቤታችን ገመድ፣ ለገላ መፈተጊያ፣ ለልብስ ማስጫ ይበቃናል። በሃያ ሰላሳ ሥር ቃጫ ሀብታም እንሆናለን የሚል ግን ራሱን ያታልላል።

ሌላው ማስተካከል ያለብን የጎርፉን ነገር ነው። «ቃጫው ከጎርፍ ያድነናል» የሚሉ አሉ። በሐምሌ ማገባደጃ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ያየን ሰዎች በጎርፍ አንቀልድም። ደቻቱን የሚያክል ወንዝ ቃጫ አያቆመውም። የቃጫ ሥር ጥልቀት የለውም፤ ወደ ጎን ነው የሚሄደው። የሚችለው ሥራ ሌላ ነው። በተዳፋት ላይ ጎን ለጎን በረድፍ ሲተከል ከጣራና ከግቢ የሚወርደውን ውሃ ፍጥነቱን ይቀንሰዋል፤ የሚታጠበውን አፈርም ይይዛል። ቦረቦራችን በየዓመቱ ወደ ግቢው እየበላ እንዳይመጣ የሚያግዘው ይህ ነው። ሣርም አፈር ይይዛል ትሉ ይሆናል። ይይዛል፤ እስካለ ድረስ! በግንቦት ደርቆ ያደረ ሣር በሐምሌ የሚይዘው አፈር የለም።

ከሁሉ በላይ ግን እናቶች ይህን ስሙን። ቃጫ እሬት አይደለም! በመልክ ስለሚቀራረቡ ብቻ የቃጫ ውሃ ለቃጠሎና ለቁስል የሚቀቡ ሰዎች አሉ። ይህ አደገኛ ነው። እሬት የእኛው የአፍሪካና የዐረብ አገር ተክል ነው፤ ቅጠሉ ሲሰበር ዝልግልግ ያለ ነገር ይወጣዋል፤ በየዓመቱ ያብባል፤ አብቦም አይሞትም። ቃጫ ሲሰበር ጭረቱ ክር እየሆነ ይመዘዛል። የቃጫው ውሃ በዓይን የማይታዩ መርፌ የመሰሉ ነገሮች ስላሉበት ቆዳ ያቃጥላል፤ ያሳክካል፤ ውሃ ያስቋጥራል። ቅጠሉን የሚቆርጥ ሰው ጓንት ያድርግ፤ እጅጌው ረጅም ይሁን፤ ዓይኑንም ይጠብቅ። ቆዳ ከነካ በሳሙናና በብዙ ውሃ ይታጠብ። ዓይን ከገባ ደግሞ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ አጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

አሁን ለመትከል ለምትፈልጉ አባላት አተካከሉን በአጭሩ እንነግራችኋለን። ብዙ ሰው ቃጫ ደረቀብኝ ይላል። ደርቆ ሳይሆን በስብሶ ነው። ቃጫን የሚገድለው የውሃ ጥማት አይደለም፤ የውሃ ብዛት ነው።

ሀ/ ቦታው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን። ከዛፍ ሥርና ከቤት ጥላ ይራቅ።

ለ/ እንደ ሙዝ ጉድጓድ ቆፍራችሁ አትቅበሩት። አፈሩን ከፍ አድርጋችሁ ጉብታ ሥሩለት፤ አሸዋና ጠጠር ቀላቅሉበት። ውሃ ወርዶ ይሂድ እንጂ አይተኛበት። ፍግ አታብዙበት።

ሐ/ ችግኝ በገንዘብ አይገዛም። ከእናቲቱ ሥር የወጡት ልጆች ስንዝር ሲሞሉ በቢላ ይለያሉ። ተቆርጠው በዚያው ቀን አይተከሉም። የተቆረጠው ቦታ እስኪደርቅ ለአንድ ሳምንት ያህል በጥላ ይቀመጡ። ይህን ችኩል ሰው አይሰማም፤ ግን የመበስበሱ ምክንያት ይኸው ነው።

መ/ ሲተከል ሥሩ ብቻ ይሸፈን። አንገቱ አይቀበር። ከተተከለ በኋላም አንድ ሳምንት ውሃ አይንካው።

ሠ/ በመጀመሪያው በጋ በየ15 ቀኑ አንድ ጣሳ ውሃ ይበቃዋል። ሥር ከያዘ በኋላ ዝናቡ ይበቃዋል። ረጅም ድርቅ ሆኖ ቅጠሉ ከተጨማደደ ብቻ በወር አንዴ ይጠጣ።

ረ/ ፍየል ለጎልማሳው አትደፍርም፤ ለጨቅላው ግን ስለምትደፍር እስኪጠነክር ድረስ እሾህ ይከለልበት።

ሰ/ ልጆቹ ሲበዙ ይቀነሱ። ዝም ከተባለ ቦታውን ሁሉ ይወርሳል። የተነቀለውን ቦረቦር ውስጥ ወርውሮ መሄድ ክልክል ነው፤ እዚያው በቅሎ ይቀራል። ለሚፈልግ ጎረቤት ይሰጥ።

ጽጌረዳ ወዳዶችንም አልጠላናቸውም። በየደጃፋችሁ በቆርቆሮ አንድ ሁለት ሥር ተክላችሁ፣ አትክልት ባጠባችሁበት ውሃ ብታሳድጉ ማንም አይናገራችሁም፤ እንዲያውም መንገዱ ያምርልናል። የምንቃወመው የጋራ ገንዘብና የጋራ ውሃ ለጥቂቶች ዓይን ማረፊያ እንዳይውል ነው። ውበት እንወዳለን። ግን ውበቱ የጎረቤትን ጀሪካን ባዶ የሚያስቀር ከሆነ ውበት አንለውም።

ስለዚህ በእሁዱ ስብሰባ የሚከተለውን እንዲወሰን እኛ የሥራ አመራር አባላት እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የቦረቦሩ ቃጫ እንዳለ ይቆይ። ይልቁንም ክፍት ሆኖ የቀረው ጫፍ በበልግ ዝናብ መግቢያ ላይ ከራሱ ልጆች እየተወሰደ ይሞላ።

ሁለተኛ፣ ወደ መተላለፊያው የወጡት ሦስቱ ሥሮች ተነስተው ወደ ውስጥ ይዛወሩ፤ የቀሩትም ጫፋቸው ይቆረጥ። ክሱ እውነት በሆነበት ቦታ መልሱ ሥራ ነው።

ሦስተኛ፣ ለጎማና ለበርሜል የተጠየቀው ገንዘብ የሚያንጠባጥበው ቦኖ ይጠገንበት። ከተረፈም ለበርሜሎቻችን ክዳን ይሠራበት።

አራተኛ፣ በየስድስት ወሩ አንድ ቀን ከየቤቱ አንድ ሰው ወጥቶ ቃጫው ሥር ይጽዳ። የማይመጣ ምክንያቱን ያሳውቅ።

ሐሳባችንን የሚቃወም ካለ በጫት መቀመጫ ላይ ሳይሆን ስብሰባው ላይ ተነስቶ ይናገር። ሒሳባችን ስህተት ነው የሚል እርሳስና ወረቀት ይዞ ይምጣና ያርመን። ግን «ሣር ያምራል» የሚል መልስ ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰው አንድ ነገር አብሮ ይዞ እንዲመጣ እናሳስባለን፦ 25 ጀሪካን ውሃ፣ በየቀኑ፣ ከራሱ ቤት።

የእሁዱን ስብሰባ ማንም አባል እንዳይቀር።

ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት
የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ስለ ሥራ አመራሩ